መስመሩ በሚቋረጥበት አገር የደብዳቤ ማደሪያ እንደሚያስፈልግ

የላስታን አገር የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፣ በክረምት ደብዳቤ ይዞ የተላከ መልእክተኛ ወንዝ ሞልቶ ቢያገኘው ደብዳቤውን ጥሎ አይመለስም። ከወንዙ ዳር ካለው ቤት ያድርና ውሃው ሲጎድል ተሻግሮ ያደርሳል። ደብዳቤው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ይህም የሆነው በመንገዱ ላይ ማደሪያ ስላለ ነው።

በዛሬው ዘመን ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በኢንተርኔት ይሄዳል፤ ማደሪያ ግን አልተሠራለትም። ጸሐፊው በላሊበላ ተቀምጦ ለወልድያ ወይም ለባሕር ዳር ሲጽፍ መስመሩ ያን ጊዜ ከሌለ ጽሕፈቱን ያቆምና ነገ እልካለሁ ይላል። በማግስቱ መብራት ይጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን ሌላ ሥራ ይይዘዋል። በዚህ መካከል በስንዴው ላይ የታየው ዋግ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በሰሜን ወሎ ቆላ በወረደ ጊዜ፣ የአንድ ቀን መዘግየት ለባላገሩ ምን ያህል እህል እንደሆነ ያላየ ሹም የለም።

የመስመሩ መቋረጥ በዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አገሩ ተራራማ ነው፤ አቡነ ዮሴፍ ብቻውን ከ4,200 ሜትር በላይ ይቆማል፤ መብራቱም ይጠፋል። ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላሊበላ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻም ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። እንግዲህ መስመሩ ሁልጊዜ አለ ብሎ ሥራን ማደራጀት፣ ተከዜ በክረምት አይሞላም ብሎ መንገድ እንደ መጀመር ነው።

መድኃኒቱም አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት፣ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ ይባል የነበረው ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ኢሜይል ያስተላልፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ በኮምፒዩተር ውስጥ ተሰብስበው ያድራሉ፤ በተወሰነ ሰዓት የስልክ መስመር ተከፍቶ በአንድነት ይላካሉ፤ የመጡትም ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ይዘጋል። በኋላም በ1990ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት የወረዳ ከተሞችን በሳተላይት ለማገናኘት ወረዳኔት የተባለውን መረብ ዘርግቷል። ሁልጊዜ የሚሠራ መስመር ማግኘት መልካም ነው፤ ነገር ግን የፊተኞቹ ጥበብ መስመር በጎደለበት አገር ዛሬም አልተሻረም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በወረዳው መሥሪያ ቤት አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር በባትሪ፣ ቢቻልም በፀሐይ ኃይል ተደግፎ ይቀመጣል፤ በውስጡም ፖስትፊክስን የመሰለ የደብዳቤ ሰርቨር ይጫናል። ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚጽፉት ለዚህ ሰርቨር ነው። እርሱ በአንድ ግቢ ውስጥ ስላለ መስመር ኖረም አልኖረም ደብዳቤውን ይቀበላል። ሁለተኛ ሰርቨር ደግሞ መስመሩ በማይጠፋበት ስፍራ፣ በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር ይቆማል። ከውጭ ለወረዳው የሚመጣው ደብዳቤ በዚያ ያድራል፤ መስመሩ ሲመጣ የላሊበላው ይጠራዋል። የሚላከውም ሁሉ በዚሁ በሁለተኛው በኩል፣ በይለፍ ቃልና በ587ኛው በር ይሂድ። ከወረዳ በ25ኛው በር በቀጥታ የተላከ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል፤ ቢያልፍም ተቀባዮቹ የላኪውን አድራሻ ስለማያውቁት እንደ ተንኮል ደብዳቤ ይጥሉታል።

በዚህ ስፍራ ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። የመጀመሪያው የትዕግሥት ቀን ነው። ፖስትፊክስ እንደ ተሠራ ቢተው ደብዳቤውን 5 ቀን ይጠብቅና አልደረሰም ብሎ ለላኪው ይመልሰዋል። ይህ ለከተማ ይበቃል፤ ለላስታ ግን አይበቃምና በሁለቱም ሰርቨሮች 30 ቀን ይደረግ። ዳሩ ግን ላኪው ደርሷል ብሎ እንዳይዘናጋ፣ ደብዳቤው አንድ ቀን ሲዘገይ የሚያስታውቅ ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ሁለተኛው የደብዳቤው ክብደት ነው። መስመሩ በመካከል ቢቆረጥ ደብዳቤው ከቆመበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራል። 3 ሚሊዮን ባይት የሆነ ፎቶግራፍም በኢሜይል ሲታሰር ወደ 4 ሚሊዮን ያድጋል። ስለዚህ መስመሩ አሥር ደቂቃ ብቻ በሚቆይበት አገር ወሬው በጽሑፍ ይሂድ፤ ፎቶግራፉ አንሶ ይላክ። ሦስተኛው፣ መስመሩ በመጣ ጊዜ ሰው ሳያዝዘው ተራ የያዙት ደብዳቤዎች ሁሉ ወዲያው እንዲነሡ ሰርቨሩ ይታዘዝ።

ደብዳቤ አልሄደም በተባለ ጊዜም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ማብራት ምርመራ አይደለም። መጀመሪያ ተራው ይታይ። በተራው ውስጥ ደብዳቤው ካለ አልጠፋም። ቀጥሎ ተቀባዩ የመለሰው ቁጥር ይነበብ። በ4 የሚጀምር ቁጥር ቆይተህ ተመለስ ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ይደግመዋል። በ5 የሚጀምር ግን አልቀበልም ማለት ነውና አድራሻው ወይም የይለፍ ቃሉ ይመርመር። ከዚያም ዲስኩ ሞልቶ እንደ ሆነ ይታይ፤ የሞላ ጎተራ እህል እንደማይቀበል የሞላ ዲስክም ደብዳቤ አይቀበልም። በመጨረሻም ሰዓቱና ቀኑ ይጠየቅ። ባትሪው የደከመ ኮምፒዩተር ሰዓቱን ይረሳል፤ የሚያስተካክለውም ሰው በኢትዮጵያ ሰዓት ቢሞላው ስድስት ሰዓት ይሳሳታል፤ በኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ቢሞላው ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ የሰርቨሮቹ የምስክር ወረቀት ቀኑ ገና ያልደረሰ ይመስላልና መስመሩ ደኅና ሳለ ሁለቱ ሰርቨሮች አይተማመኑም።

ቴሌግራምና የሹሙ የግል ኢሜይል እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው የሚል ይኖራል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ለፈጣን ወሬ ስልክ ይበቃል። ነገር ግን በግል ስልክ የተጻፈ የመንግሥት ጉዳይ ሹሙ በተዛወረ ጊዜ አብሮት ይዛወራል። በእርሱ ስፍራ የተሾመው የአምናውን የዘርና የማዳበሪያ ጥያቄ ቢፈልግ አያገኝም፤ ባላገሩም አቤት ቢል ማስረጃው ከሰው ኪስ ገብቷል። በመሥሪያ ቤቱ ማደሪያ ያለፈ ደብዳቤ ግን በዚያ ይኖራል።

ደግሞም ይህ ማደሪያ የተዘጋውን መስመር ይከፍታል ማለት አይደለም። መስመሩ ለወራት ቢጠፋ 30 ቀንም ያልቃል። ነገር ግን ደብዳቤዎቹ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው ስላሉ፣ ተቆልፎ በተዘጋ ፍላሽ ተቀድተው በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ በሚሄድ የታመነ ሰው እጅ ሊላኩ ይችላሉ። በየሰው ስልክ የተበተነው ወሬ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

እንግዲህ ከዕቃው ይልቅ የሚጎድለው ጠባቂው ነው። ግምጃ ቤት ያለ ጠባቂ እንደማይተው፣ ይህም ሥራ በስም ለአንድ ሰው ይሰጥ፤ ለእርሱም ምትክ ይኑረው። ጧትና ማታ ተራውን ይይ፤ ስንት ደብዳቤ እንዳደረና የትኛው እንደዘገየ በመዝገብ ይጻፍ። የወረዳው ሹምም ያን መዝገብ በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠይቅ። ሹም የማይጠይቀውን ነገር ጸሐፊ አይጠብቀውምና። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው እንደሚባል፣ ማደሪያው የሚሠራው በበጋ፣ መስመሩ ደኅና ሳለ ነው። ባላገሩ በማሳው የታየውን ችግር ለሹሙ የሚነግረው ይደርስልኛል ብሎ ነው። ያን ቃል ሳይጠፋ ማድረስ ለሹሙ የተሰጠ አደራ ነው።