ዶሴው ከመሰናበቱ በፊት

መስቀል አደባባይ ላይ ደመራ በተለኮሰበት ዕለት፣ መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በደቡብ ኮሪያዋ ዳኤጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። እሳቱ የተነሳው ከሊቲየም ባትሪ ነው። 709 የመንግሥት የመረጃ ሥርዓቶች ቆሙ፤ ሠራተኞች ሰነዳቸውን የሚያኖሩበት 858 ቴራባይት ቋትም ወደመ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ምክንያቱ ሲጠየቅ መጠኑ እጅግ ትልቅ ስለሆነ ነው ተባለ።

በቴክኖሎጂ የታወቀችው ኮሪያ እንዲህ ከሆነች፣ ክስ በኤሌክትሮኒክስ መቀበልና በቪዲዮ ማስቻል የጀመሩት የእኛ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ሊያሳስበን ይገባል። ጅምሩን እንደግፋለን። ለአንዲት ቀጠሮ ሌሊት ተሳፍሮ የሚመጣ ባለጉዳይ ጥቅሙን ከማንም በላይ ያውቀዋል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ዕውቅና መስጠትና ጠብቆ ማቆየት ግን ለየቅል ናቸው።

መዝገብ ቤት መስኮት ላይ «መዝገቡ አልተገኘም፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» የተባለ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ያም ሆኖ የወረቀት ዶሴ ሲጠፋ መውጫ አለ፤ ማኅተም ያረፈበት ግልባጭ ከከሳሽም ከተከሳሽም እጅ ይገኛል፣ በጠበቃውም ቢሮ አንድ ቅጂ ይኖራል፣ ከዚያ ተለቃቅሞ መዝገቡ እንደገና ይደራጃል። ክሱም፣ መልሱም፣ የምስክሩ ድምፅም በአንድ ሰርቨር ብቻ ከተቀመጡ ከየት ይለቀማሉ?

ደግሞ መዝገብ የሚጠፋው በእሳት ብቻ አይደለም። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሥርዓታቸውን ሲያሻሽሉ፣ ከአዲሱ ጋር አልጣጣም ያሉ የአምስት ፍርድ ቤቶች የቆዩ መዝገቦች ከሕዝብ መመልከቻው ተነሡ። የተመለሱት ተቃውሞ ከበረታ በኋላ ነው።

መዝገብ ደግሞ ለዓመታት መቆየት አለበት፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን የፍርድ ባለመብት አፈጻጸም የሚጠይቅበት ጊዜ 10 ዓመት ነው። ዛሬ የተቀመጠ መዝገብ በዘጠነኛው ዓመት ካልተከፈተ፣ ለባለመብቱ ፍርዱ ምን ይረባዋል?

ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት ባለጉዳይ አንብቦ የሚረዳው አስገዳጅ መመሪያ በይፋ ያውጡ። እያንዳንዱ መዝገብ በተለያየ ከተማ ስንት ቅጂ እንደሚኖረው፣ ማን ከፈተው ማን ነካው የሚለው እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ያለ ዳኛ ትእዛዝ ምንም እንደማይሰረዝ በግልጽ ይጻፍ። ቅጂዎቹም በየጊዜው ተከፍተው ይፈተሹ። ይህ እስኪሆን ድረስ ስካን ተደርጓል ተብሎ አንድም ዶሴ እንዳይወገድ እንጠይቃለን።