የበቀለውን ስለ መቁጠር

«ይህን ያህል ዘመን ተምሮ የወፍ ኩስ ይለቅማል!» የሚለውን ፌዝ በየክረምቱ እሰማለሁ። የሚፌዝባቸውም በዕረፍታቸው ወራት ወደ ጫካ ወጥተው የዛፍ ዘር እንዴት እንደሚበተንና እንደሚበቅል የሚመረምሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። እኔ አብዛኛውን ዕድሜዬን በማስተማር ያሳለፍሁ ጡረተኛ ነኝና፥ የዕውቀት ሥራ ሲዋረድ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ከመፍረድህ በፊት ሥራቸውን ዕወቅ። ከዛፍ ሥር ጨርቅ ወጥረው የሚወርደውን ፍሬ ይቀበላሉ። መሬቱን በገመድ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክተው በውስጡ ያለውን ቡቃያ በየዓይነቱ ይቆጥራሉ። አፈር ቆፍረው ወስደው ውሃ እያጠጡ ምን እንደሚበቅልበት ይጠባበቃሉ። የወፍ ኩስም ይመረምራሉ፤ ወፍ የወይራንና የጥድን ፍሬ ከዋጠች በኋላ ዘሩን ከእናቲቱ ዛፍ አርቃ ትጥለዋለችና።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ትል ይሆናል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው በነዚህ ደኖች ካገኙት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተከማችቶ አይቆይም። ሌላውም ከብት በሚገባበት ደን ቡቃያው ይረገጣል፥ ይጋጣል፤ ከብት በተከለከለበት ግን የተሻለ ይበቅላል፥ ያድጋልም።

እንግዲህ አስተውል። እኛ ዛፉን ብንቆርጥም መሬቱ ዘሩን እንደ ጎተራ የሚያስቀምጥልን ይመስለናል። ጎተራው ግን ባዶ ነው። እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች፥ ፍሬዋን የምትሸከም ወፍም ማረፊያ ካጣች፥ ኮረብታው ዝናብ ስለ ዘነበለት ብቻ የቀድሞውን ደን አያበቅልም። ይህን ያወቅነው በጭቃ ላይ ተንበርክከው በቆጠሩ ሰዎች ድካም ነው።

የአገራችን ልማድ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ ተነገረ፥ ዓለምም ሰማው። መትከል መልካም ነው፤ የሚተክለውን እጅ አልነቅፍም። የምነቅፈው የተከላውን ቀን እንደ መከር ቀን የሚቆጥረውን አሳብ ነው። ገበሬ የዘራውን ቁና ቆጥሮ ጎተራዬ ሞላ ቢል ጎረቤቶቹ አይስቁበትምን? በየኮረብታው ስንቱ ጸደቀ? ስንቱን ፍየል በላው? ስንቱስ በጋውን ሳያልፍ ደረቀ? ይህን ለማወቅ ጭብጨባ አይረዳም፤ ገመድና ደብተር ይዞ በዓመቱ ወደ ቦታው የሚመለስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የሚፌዝበት ተማሪ ነው።

ነገር ግን ተማሪውንም ሳልገሥጽ አላልፍም። አበሉን ተቀብሎ፥ ዝናቡን ፈርቶ፥ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ደብተሩን በግምት የሚሞላ አለ። በተለካው መሬት አንድም ቡቃያ ሲያጣ፥ መምህሬ ሰነፍ ይለኛል ብሎ አምስት ብሎ ይጽፋል። ይህ ሰው የሐሰት ምስክር ነው። ዜሮ ራሱ ምስክርነት እንደ ሆነ አላወቀም፤ ከብት ገብቶ እንደ ሆነ፥ ወይም እናቲቱ ዛፍ ርቃ እንደ ሆነ መጠየቅ የሚጀመረው ከዚያ ዜሮ ነውና። በእርሱ ውሸት ተመርቶ የሚታጠረው ደን ሳይታጠር ቢቀር፥ ጥፋቱን ማን ይከፍላል? የሚከፍሉት ገና ያልተወለዱት ናቸው።

ስለዚህ፥ ልጄ፥ በሚመጣው ክረምት ዕድሉ ቢደርስህ አትፈር። የደብሩን አለቃ አስፈቅደህ ግባ። የዛፉን ስም በዚያ ያደጉትን ሽማግሌ ጠይቅ፤ ከመጽሐፍህ የማታገኘውን ይነግሩሃል። በጉልበትህ ተንበርክከህ ያየኸውን ጻፍ፤ ባዶ ሆኖ ያገኘኸውንም ባዶ ብለህ ጻፍ።