«ሐሳብ ነው» የተባለው የአንገት ሕመም

የዛሬውን ዝግጅታችንን ያስነሣው ከለቡ መብራት ኃይል አካባቢ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የ38 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ስሟ እንዳይገለጽ ስለ ጠየቀች አንጠቅሰውም። ነገሩ ግን የብዙ እኅቶቻችንን ጓዳ የሚነካ በመሆኑ ከደብዳቤዋ ዋና ዋናውን እነሆ፦

«ሕመሙ የጀመረኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። እንጀራ እየጋገርሁ ሳለ ልጄ ብትጠራኝ ወደ ቀኝ ዞር ስል ከጆሮዬ ሥር፣ ከመንጋጋዬ ኋላ፣ አንድ ነገር ወጋኝ። ብርድ መስሎኝ በነጠላ ጠቅልዬው ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ አንገቴን ባዞርሁ፣ ባዛጋሁ፣ ምራቄን በዋጥሁ ቁጥር ይወጋኛል። የዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ ይመስለኛል።

«ጎረቤቶቼ ‹እንጥልሽ ወርዶ ነው› አሉኝ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ በቅቤ ታሸሁ፤ ባሰብኝ። አንድ ክሊኒክ ‹ቶንሲል ነው› ብሎ ሦስት ጊዜ ክኒን ሰጠኝ። ጆሮዬ ታየ፤ ንጹሕ ነው ተባልሁ። ‹ጥርስ ነው› ተብሎ መንጋጋ ጥርሴ ተነቀለ፤ ሕመሙ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ የአንገት ራጅ ተነሣሁና ‹ምንም የለብሽም፣ ሐሳብ ስለምታበዢ ነው› ተባልሁ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ‹ራጁ ምንም የለም ካለ ምን እናድርግ?› ይለኛል። ውሎ አድሮ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርሁ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ግራ ቀኝ ሳላይ እንደ ሐውልት ተገትሬ ነው የምሄደው።

«ነገሩ የታወቀው በአጋጣሚ ነው። በተነቀለው ጥርሴ ቦታ ሌላ ለማስተከል የሄድሁበት የጥርስ ሐኪም የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ባንድነት የሚያሳይ ራጅ አስነሣኝ። ምስሉን ጥቂት ተመልክቶ ‹ለመሆኑ አንገትዎን ያምዎታል?› አለኝ። ሳልነግረው ስለ ጠየቀኝ እዚያው አለቀስሁ።»

የጥርስ ሐኪሙ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላካት። በሲቲ ስካን ሲታይ በቀኝ በኩል ከጆሮዋ ሥር ያለው ቀጭን አጥንት ከመጠን በላይ ረዝሞ ተገኘ። እኅታችን አሁን ሕክምናዋን ጀምራለች። የጠየቀችንም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሌላዋ ሴት እንደ እኔ ሁለት ዓመት እንዳትባክን ጻፉልን» ብላለች።

አጥንቱ ምንድን ነው?

እያንዳንዳችን ከጆሯችን ሥር፣ በግራም በቀኝም፣ ከራስ ቅል ግርጌ ተነሥቶ ወደ ታችና ወደ ፊት የሚወርድ ሹል አጥንት አለን። በሕክምና ቋንቋ «ስታይሎይድ» ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው በጥንት ዘመን ይጻፍበት ከነበረ ሹል ብዕር ነው። እኛ ግን ሰፌድና ሞሰብ የምንሰፋበትን ወስፌ ብናስብ ይቀርበናል። ምላስንና ጉሮሮን የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎችና ጅማቶች ከዚህ አጥንት ላይ ተያይዘዋል፤ ስንናገርም ስንውጥም የሚያግዘን እርሱ ነው።

የዚህ አጥንት ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ረዘመ ይባላል። አንዳንድ ጊዜም አጥንቱ ራሱ ሳይሆን ከእርሱ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው ጅማት እየጠጠረ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። በአካባቢው የጉሮሮና የምላስ ነርቮች፣ ደግሞም ደም ወደ አንጎል የሚያደርሱ ታላላቅ የደም ቧንቧዎች ስለሚያልፉ፣ የረዘመው ጫፍ አንዱን ሲነካ ወይም ሲጫን ሕመም ይነሣል።

ይህን ሕመም በሚገባ አጥንቶ የገለጸው ዋት ኢግል የተባለ አሜሪካዊ የአንገት በላይ ሐኪም ነው። በዱክ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ይህ ሐኪም የመጀመሪያውን ጽሑፉን ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ሲሆን፣ ሕመሙም በስሙ «የኢግል ሕመም» እየተባለ ይጠራል።

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በተለይ ቶንሲላቸውን በኦፕራሲዮን ባስወጡ ሰዎች ላይ የታየው ነው፤ ጉሮሮ ውስጥ የተሰካ ነገር ያለ ይመስላል፣ መዋጥ ያማል፣ ጆሮ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይጠዘጥዛል። ሁለተኛው የደም ቧንቧውን ሲጫን የሚመጣው ነው፤ አንገት ሲዞር ሕመሙ ወደ ፊትና ወደ ዓይን አካባቢ ይወጣል፣ ራስ ያዞራል፣ አልፎ አልፎም ራስን ያስታል። ይህኛው ቶንሲል ያላስወጣንም ሰው ይይዛል።

ለምን ሳይታወቅ ይቆያል?

አንደኛው ምክንያት ሕመሙ ብዙ ቤት የሚያንኳኳ መሆኑ ነው። ጆሮ ያመመው የጆሮ ሐኪም ጋ፣ መንጋጋ ያመመው የጥርስ ሐኪም ጋ ይሄዳል። ራሱን የሚያመው ደግሞ ማይግሬን ነው ይባላል። እያንዳንዱ ሐኪም በበኩሉ የሚያየው ክፍል ደኅና ሆኖ ያገኘዋል። ሁለተኛው ምክንያት በተለመደው የአንገት ራጅ ይህ ቀጭን አጥንት በመንጋጋና በሌሎች አጥንቶች ጥላ ተሸፍኖ በቀላሉ ሊታለፍ መቻሉ ነው። እንግዲህ «ራጁ ምንም የለውም» ማለት «ሕመም የለብሽም» ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ።

ሦስተኛው ምክንያት የእኛው ነው። የሴት ሕመም ሲሆን «ሐሳብ ነው፣ ድካም ነው» ለማለት እንቸኩላለን። ሴቲቱም ልጅ፣ ምጣድና ሥራ ስለሚጠብቋት ችላ ትሄዳለች። አበው ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል።

በሌላ በኩል ደግሞ አንገታችሁን ያመማችሁ ሁሉ ይህ ነው ብላችሁ እንዳትሰጉ አደራ እንላለን። አብዛኛው የአንገት ሕመም ከጡንቻ የሚመጣ ነው፤ አጎንብሶ ከመሥራት፣ ከባድ ዕቃ ከመሸከም፣ ስልክ ላይ ሲያቀረቅሩ ከማምሸት። ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። ኢግል ራሱ እንደገመተው ከመቶ ሰዎች 4ቱ ያህል አጥንታቸው የረዘመ ሲሆን፣ ከእነዚህም አብዛኞቹ አንዳች ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ረዥም አጥንት መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ በሽታ የሚባለው ርዝመቱና ሕመሙ ሲገጣጠሙ ነው።

ምርመራው እንዴት ነው?

ሕመሙ ባንድ ወገን ከጆሮ ሥር የሚነሣ፣ አንገት ሲዞር፣ ሲዋጥ ወይም ሲዛጋ የሚብስና ከሳምንታት በላይ የቆየ ከሆነ መታየት ይገባዋል። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ በሪፈር ወረቀት የአንገት በላይ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ነው። በከተማችን እንደ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ ያሉት ሆስፒታሎች ይህ ክፍል አላቸው።

ሐኪሙ ታሪኩን ከሰማ በኋላ ጓንት አድርጎ በጣቱ የቶንሲሉን ቦታ ይነካል። የለመዳችሁት ሕመም ያን ጊዜ ከተቀሰቀሰ ወይም ጣቱ ጠንካራ ጫፍ ካገኘ ጥሩ ፍንጭ ነው። አንዳንዴ በቦታው ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሕመሙ ለጊዜው ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የመንጋጋ ሙሉ ራጅ አጥንቱን በመጠኑ ያሳያል። ርዝመቱንና አቅጣጫውን አጥርቶ የሚያሳየው ግን ሲቲ ስካን ነው። የደም ቧንቧ ከተጠረጠረ ቧንቧውን የሚያጎላ መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ ሲቲ ስካኑ ይነሣል።

እናንተም ከቤት ስትወጡ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። በልጆቻችሁ ደብተር አንድ ገጽ ላይ ይህን ጻፉ፦ ሕመሙ መቼ ጀመረ? በየትኛው ወገን ነው? ምን ሲያደርጉ ይብሳል? የት ይሠራጫል? ቶንሲል ወጥቶ ያውቃል ወይ? አንገት ተመትቶ ያውቃል ወይ? እስካሁን ምን መድኃኒት ተወሰደ፣ ምንስ አመጣ? የቆዩ ራጆቻችሁንም አትጣሉ፤ ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትፈሩ፣ «ዶክተር፣ ከጆሮዬ ሥር ያለው አጥንት ረዝሞ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህ ሐኪምን ማስተማር ሳይሆን ሐኪምን ማገዝ ነው። ደጋግማ ተመላልሳ ያልተደመጠች ሴት ብዙ ጊዜ የጎደላት ሕመሟን በቅደም ተከተል የምትናገርበት አምስት ደቂቃ ነው።

ሕክምናውስ?

ሕመሙ ቀላል ሲሆን በማስታገሻ፣ በነርቭ ሕመም መድኃኒት ወይም በቦታው በሚወጋ መርፌ ይሞከራል። ይህ ካልበቃ አጥንቱን በኦፕራሲዮን ማሳጠር አለ። ኦፕራሲዮኑ በአፍ ውስጥ ሲሠራ ከውጭ ጠባሳ አይተውም፤ ለሐኪሙ ግን ቦታው ጠባብ ነው። በአንገት በኩል ሲሠራ ትንሽ ጠባሳ ይቀራል፤ ነርቮቹና የደም ቧንቧዎቹ ግን በደንብ ይታያሉ። ብዙዎች እፎይታ ያገኛሉ፤ ሁሉም ይድናል ማለት ግን አይቻልም፤ ነርቭ የመነካት ሥጋትም አለ። ስለዚህ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «በየትኛው በኩል ነው የሚሠራልኝ? ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል? ባልሠራውስ ምን እሆናለሁ?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

እስከዚያው አንገታችሁን ለወጌሻ እንዳትሰጡ። አንገት ጠምዝዞ «ቋ» ማሰኘትም አይበጅም፤ ከሹል አጥንት አጠገብ የደም ቧንቧ እንዳለ አትርሱ። እንጥል ማስቆረጥም ለዚህ ሕመም አንዳች አይፈይድም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ብቻ ያተርፋል።

ቀጠሮ የማይጠብቁ ምልክቶችም አሉ። ድንገት አፍ ቢጣመም፣ እጅ ወይም እግር ባንድ ወገን ቢዝል፣ ንግግር ቢጎላደፍ፣ የዓይን ቆብ ቢወድቅ፣ አንገት ሲዞር ራስ ቢስት፣ ወይም ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር ቢመጣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። አንገት ላይ እብጠት ከወጣ፣ ድምፅ ከሦስት ሳምንት በላይ ከጎረነነ ወይም ክብደት ከቀነሰም ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ሠራተኛ እኅቶቻችን «ለምርመራ ስመላለስ ሥራዬን አጣለሁ» ብለው እንደሚሰጉ እናውቃለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በሕመም ምክንያት መሥራት ካልቻለች በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ታገኛለች፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ወረቀታችሁን በጥንቃቄ ያዙ።

በመጨረሻ ለባሎች፣ ለአማቶችና ለአለቆች አንድ ቃል አለን። በቤታችሁ አንገቷን ሳታዞር የምትሄድ ሴት ካለች «ምን ሆነሽ ነው?» በሏት፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ። የለቡዋ እኅታችን ደብዳቤዋን የዘጋችው እንዲህ ስትል ነው፦ «አጥንቱ ገና አልተቆረጠም፤ ሕመሙም አለ። ነገር ግን ስም ስላገኘለት ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል። ባለቤቴም አሁን ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው እርሱ ነው።»

ለእኅታችን ምሕረትን፣ ለእናንተም ጤናን እንመኛለን።