መርጫውን ከማንሣታችን በፊት

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ደጋማ ከተሞቻችን ግቢን በፈረንጅ ጥድ ማጠር የቆየ ልማድ ነው። ይህ አጥር ቡናማ እየሆነ መድረቅ ሲጀምር አብዛኞቻችን ወይ የውኃ እጥረት ነው ብለን እናልፈዋለን፣ ወይ ከገበያ ፀረ ተባይ ገዝተን እናስረጫለን። ሁለቱም ውሳኔዎች ቅርንጫፉን ገልጦ ከማየት በፊት የሚደረጉ በመሆናቸው እንቃወማቸዋለን።

ቅርንጫፉን ገልጦ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የጥድ ክሽክሽን ነው። ይህ ተባይ እ.ኤ.አ. በ1986 በማላዊ ከታየ በኋላ በምሥራቅ አፍሪካ ተዛምቶ በ1990 ኬንያ ደረሰ፤ በ2000ዎቹ ዓመታትም ወደ አገራችን ገባ። በመንጋ ተለጥፎ የዛፉን ፈሳሽ ይመጣል፤ ምራቁም የተክሉን ሕብረ ሕዋስ ይመርዛል። እንስቷ ያለ ወንድ ስለምትወልድ ቁጥሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እጅግ ይበዛል። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ቅጠሉ ካለቀበት አሮጌ እንጨት ዳግመኛ አያቆጠቁጥም። ዘግይቶ የነቃ ባለ ግቢ አጥሩ እንደተሸነቆረ ይቀራል።

እንዲህ ከሆነ ወዲያው መርጨት ምን ክፋት አለው የሚል አንባቢ ይኖራል። የጥድ ክሽክሹ በአፍሪካ የበረታበት አንዱ ምክንያት የትውልድ አገሩን ጠላቶች ጥሎ በመምጣቱ ነው። በ1990ዎቹ ማላዊና ኬንያ በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ጥቃቅን ተርብ ከአውሮፓ አስመጥተው የለቀቁትም ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነበር። መርዝ በየግቢው በዘፈቀደ ስንረጭ ግን ያሉንን ጥቂት አጋዦች ራሳችን እናጠፋለን።

የዚህን መዘዝ የካሊፎርኒያ ብርቱካን አምራቾች በደንብ ያውቁታል። ጥጥ የመሰለ ነጭ የእንቁላል ከረጢት የሚሸከም አንድ ተባይ ከአውስትራሊያ ገብቶ እርሻቸውን ሊያጠፋ ሲደርስ፣ አልበርት ኮቤል የተባለ የነፍሳት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1888 ወደዚያው ተልኮ ተባዩን የምትበላ ጥንዚዛ ላከ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጭነቶች የደረሱት 129 ብቻ ነበሩ፤ በ1889 መጨረሻ ግን ተባዩ ሥጋት መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ1940ዎቹ፣ በአካባቢው ዲዲቲ በስፋት ሲረጭ ጥንዚዛዋ አለቀች፤ የተረሳውም ተባይ ተመልሶ ዛፎቹን ወረረ።

በእኛም ጽጌረዳና ሎሚ ላይ ክሽክሽ የሚበሉ፣ ጀርባቸው ነጠብጣብ ያለበት ጥንዚዛዎች አሉ። እናቲቱን ልጆች ሳይቀሩ ይወዷታል። እጯ ግን ጠቆር ያለች፣ ሸካራ፣ እናቷን ፈጽሞ የማትመስል ስለሆነች ተባይ መስላቸው የሚጨፈልቋት ብዙ ናቸው፤ ከማንም በላይ ክሽክሹን የምትፈጀው ግን እርሷ ናት! ጉንዳን በግንዱ ላይ ሲመላለስ ሲታይም ነገሩን መመርመር ይገባል። ጉንዳኑ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚፈልግ ከጠላቶቹ ይጠብቀዋል። በግንዱ ዙሪያ ጨርቅ ጠምጥሞ በጨርቁ ላይ ግራሶ መቀባት መንገዱን ይዘጋበታል። የተጠቃውን ቅርንጫፍ በጊዜ መቁረጥ፣ በኃይለኛ ውኃ ማጠብ፣ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ አስቀድሞ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክሮ ማለዳ መርጨት ለአብዛኛው የጓሮ ክሽክሽ ይበቃል።

ይህን ስንል ኬሚካል ከቶ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። አጥሩ በሙሉ በክሽክሽ ሲወረር ባለሙያ የመረጠው መድኃኒት በመጠኑ ቢረጭ አንከራከርም። የምንከራከረው ማላታዮን በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ስሙም መጠኑም ሳይጻፍበት፣ ከውኃ ጠርሙስ አጠገብ መቀመጡን ነው። ልጅ ሲጠማው ጠርሙስ አይመርጥም። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ብዙ ዓመታት ቢቆጠሩም ጠርሙሱ ዛሬም በየጓዳው አለ።

የሳይንስ ፋኩልቲዎችም ከዚህ ኃላፊነት ነፃ አይደሉም። የነፍሳት ስብስብ፣ ማይክሮስኮፕና ተመራቂ ተማሪዎች እያሉን፣ ነዋሪው ስለ ዛፉ የሚያማክረው መርዝ ሻጩን ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራን ለሕዝብ መክፈት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባለ ግቢው የታመመውን ቅርንጫፍ ከነተባዩ በተከደነ ብልቃጥ ይዞ ይመጣል፣ ተማሪው በአጉሊ መነጽር አይቶ ስሙን ይነግረዋል፣ የመጣበትን ሠፈርም ይመዘግባል። በዓመቱ መጨረሻ የጥድ ክሽክሽ የትኛው ሠፈር እንደበረታ የሚያሳይ ካርታ በእጃችን ይኖራል። የዘንድሮው በጋ ከመግባቱ በፊት ቢጀመር ደስ ይለናል፤ ዝናቡ ሲያቆም ክሽክሹ ይበዛልና።