መኪና እስክንገዛ ድረስ

ባለፈው ጥር ወር በጂኦግራፊ ትምህርት ሰዓት የሐይቅንና የባሕርን ልዩነት ስናስረዳ፣ «ከእናንተ መካከል ሐይቅ በዓይኑ ያየ ማን ነው?» ብለን ተማሪዎቻችንን ጠየቅን። የተነሡት እጆች ጥቂት ነበሩ። ከእነዚያም አንዲት ልጅ ብድግ ብላ፣ «እኔ ሐይቅ አላየሁም፤ ነገር ግን ወደ ዱባይ ስንሄድ ከአውሮፕላን ላይ ሆኜ ባሕር አይቻለሁ» አለች። ትምህርት ቤታችን በቦሌ በኩል ስለሚገኝ፣ አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ ድምፃችንን ከፍ አድርገን ማስተማር ልማዳችን ነው። ልጂቱ ባሕሩን ከሰማይ አይታ፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቁትን የቢሾፍቱን ሐይቆች ግን አላየችም። ምክንያቱን ብንጠይቅ የብዙዎቹ መልስ አንድ ሆነ፤ «አባዬ መኪና ሲገዛ እንሄዳለን ብሏል» አሉን።

በዚህ መልስ ለመሳቅ አልቻልንም፤ ይኸው ቃል በእኛም ቤት ሲነገር ስድስት ዓመት ሆኖታልና። በገርጂ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አክስታችን ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ተድረው የመጡት፣ ከሥልሳ ዓመት በፊት ገደማ፣ በምድር ባቡር ነበር። ባቡሩ በቢሾፍቱ ሲያልፍ ገና ጎሕ አልቀደደም ነበርና፣ ሙሽራዪቱ ያዩት ጨለማውንና የጣቢያውን መብራት ብቻ ነው። አጠገባቸው ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ፣ «በዚህ በኩል ትልቅ ውኃ አለ» ሲል የሰሙትን ግን አልረሱትም። «ያን ውኃ ሳላየው ልቅር?» እያሉ ይጠይቁናል፤ እኛም «መኪና ስንገዛ» እያልን እንመልሳለን። የመኪናው ዋጋ ግን ከደመወዛችን ፊት ፊት እየሮጠ እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ ለቤተ ሰቡ፣ «የፊታችን ቅዳሜ በአውቶቡስ እንሄዳለን» ብለን አስታወቅን።

እንደሚታወቀው ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ለልጆቻችን የውኃ ዳር ማለት እንግዲህ የሐይቅ ዳር ማለት ነው። ሐይቅ ደግሞ እግዚአብሔር አልነፈገንም፤ የጎደለው የእኛ መነሣት ነው። ለምሥራቅ አዲስ አበባ ነዋሪ ከሁሉ የሚቀርቡት የቢሾፍቱ ሐይቆች ስለ ሆኑ፣ ከዚያ መጀመር ይገባል።

አሁን ስሕተታችንን እንናገራለን፤ ሌላው ሰው እንዳይደግመው። የምንኖረው በከተማው ምሥራቅ ነውና፣ ለእኛ የሚቀርበው መናኸሪያ የላምበረት ነው ብለን፣ አክስታችንን ደግፈን፣ ልጆቹን አስከትለን፣ ስንቃችንን አንጠልጥለን ወደ ላምበረት ሄድን። አንድ ተራ አስከባሪ የምንሄድበትን ጠይቆ ከሰማ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይህ እኮ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ ነው፤ ለቢሾፍቱ ቃሊቲ ይሂዱ» አለን። የጂኦግራፊ መምህር መሆናችንን ለማንም ሳንናገር ተመለስን። በዚህ ምክንያት የጧቱ ሁለት ሰዓት በከንቱ አለፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። ከመገናኛ፣ ከገርጂና ከቦሌ ሚካኤል አካባቢ የሚነሣ ሰው የቀለበት መንገዱን ይዞ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ከአያት፣ ከሲኤምሲና ከጉርድ ሾላ የሚነሣው፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የከተማ ባቡር እስከ ስታዲየም መጥቶ፣ በዚያ ወደ ቃሊቲ የሚሄደውን ባቡር ለመያዝ ይችላል፤ ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል ግን ጊዜ አትርፎ መነሣት ያስፈልጋል። ለጎሮና ለአካባቢው ሰው ደግሞ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚያወርደው መንገድ ይቀርበዋል። ከቤት መውጣት የሚገባው ከጧቱ በ12 ሰዓት ነው፤ አውቶቡስ ሳይሞላ አይንቀሳቀስምና፣ ያረፈደ ሰው ፀሐይ እየበረታበት ተቀምጦ ይጠብቃል።

መናኸሪያ ከደረሱ በኋላ ታሪፉን ከመሳፈር በፊት መጠየቅ፣ ሻንጣን ላልታወቀ ሰው አለመስጠት፣ የልጆችን እጅ አለመልቀቅ ያስፈልጋል። ረዳቱ አንድ ጊዜ «ቢሾፍቱ!»፣ አንድ ጊዜም «ደብረ ዘይት!» ብሎ ቢጣራ፣ ሁለቱም የአንዲት ከተማ ስም መሆናቸውን ዐውቆ አለመደናገር ነው። ከዚህም በላይ መኪናው የሚሄደው በፍጥነት መንገዱ ወይስ በአሮጌው መንገድ እንደ ሆነ ይጠይቁ። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ተከፍቶ ለቸኮለ ሰው ብዙ ጠቅሟል። ልጆቹን አገር ለማሳየት የወጣ አባት ግን በአቃቂና በዱከም ውስጥ የሚያልፈውን አሮጌውን መንገድ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ ከቃሊቲ አንድ ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው።

እኛም በአሮጌው መንገድ ሄድን። አክስታችን ሲሳፈሩ አንድ ወጣት ከፊተኛው ወንበር ተነሥቶ፣ «እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ መንገዱ ይታይዎታል» አላቸው። አቃቂ ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት ስትገባ፣ የእኛ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ማንም ሳይነግረው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀላት። ይህን ነገር በቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ሰብከንለታል! ስብከታችን ያላደረሰውን የአንድ ወጣት ምሳሌ በሩብ ሰዓት አደረሰው።

ከዱከም ወዲያ በስተ ግራ የየረር ተራራ፣ በስተ ቀኝ ደግሞ በሩቁ የዝቋላ ተራራ ይታያሉ። በዝቋላ ጫፍ ላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምና፣ በአሮጌው እሳተ ገሞራ አፍ የተኛ ሐይቅ መኖሩን ለልጆቹ ነገርናቸው። በግራና በቀኝ የተከመረውን ጭድ ባዩ ጊዜ ግን መምህርነቱን ሌላ ሰው ወሰደብን። አጠገባችን የተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ፣ ይህ የአድአ ምድር መሆኑን፣ ነጭ ጤፉም በአገሩ ሁሉ የተመሰገነ መሆኑን ለልጆቹ አጫወቷቸው፤ «ቁንጮ» ስለሚባለውም ዘር ነገሯቸው። ይህ ዘር በ1998 ዓ.ም. የወጣው ከዚያው ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የራሳችን መኪና ቢኖረን ኖሮ መስኮቱን ዘግተን እናልፍ ነበር፤ ልጆቻችንም በየቀኑ የሚበሉት እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ከገበሬው አፍ ባልሰሙ ነበር።

ቢሾፍቱ እንደ ደረሱ ባጃጅ ይዞ ወደ ሐይቆቹ መሄድ ይቻላል። ስማቸው የታወቀው ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ናቸው። የቢሾፍቱ፣ የሆራና የባቦጋያ ሐይቆች አፈጣጠር እንዲህ ነው፦ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ የወጣው የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ካለው ውኃ ጋር ተገናኘ፤ ውኃው በድንገት እንፋሎት ሆኖ መሬቱን ፈነዳው፤ የቀረውንም ጕድጓድ ውኃ ሞላው። ስለዚህ አፋፋቸው እንደ ድስት ከንፈር ዙሪያውን ከፍ ያለ፣ ቍልቍለታቸው የበረታ፣ ውኃቸውም ከዳር ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ወዲያው የሚጠልቅ ነው። ወላጆች ይህን ልብ ሊሉት ይገባል፤ እነዚህ ሐይቆች ልጅ የሚንቦራጨቅባቸው ጥልቀት የሌላቸው ውኃዎች አይደሉምና፣ ልጅን ያለ ጠባቂ ወደ ውኃው መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ዳርቻው በብዙ ስፍራ በሆቴሎችና በመኖሪያ ቤቶች የተያዘ ስለ ሆነ፣ ወደ ውኃው ለመቅረብ የመግቢያ ዋጋ መክፈል ወይም ቢያንስ ሻይ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህንንም አስቀድሞ በሒሳብ ማስገባት ነው። በመስከረም መጨረሻ ገደማ በሆራ የኢሬቻ በዓል ሲከበር ሕዝቡ እጅግ ብዙ ስለሚሆን፣ ለበዓሉ ሳይሆን ለጸጥታው የሚሄድ ሰው ሌላ ሳምንት ይምረጥ።

እኛ ከሐይቁ አፋፍ ላይ የደረስነው ስድስት ሰዓት ሲሆን ነው። ውኃው ከታች እንደ መስተዋት ተኝቷል፤ ወፎች በላዩ ይዞራሉ። አክስታችን ምርኵዛቸውን ተደግፈው ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። ከዚያም ወደ ታች የሚወርደውን ጠባብ መንገድ አይተው፣ ሁለት እርምጃ ሞከሩና ቆሙ። ጕልበታቸው አልታዘዝ አለ። እንሸከምዎ ብንላቸው እሺ አላሉም። «ስትነግሩኝ በነበረበት ጊዜ ቢሆን እወርደው ነበር» አሉ፤ ይህንንም የተናገሩት ያለ አንዳች ወቀሳ፣ የሆነውን ብቻ እንደሚናገር ሰው ነው። እኛ ግን መልስ አጣን። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቅነው መኪና ቢመጣም እንኳ ከዚያ አፋፍ ባላሳለፋቸው ነበር፤ የጎደላቸው መኪና ሳይሆን፣ እኛ ነገ እያልን ያሳለፍነው የጕልበታቸው ዘመን ነበርና።

ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ወርደው በጠርሙስ ውኃ ቀድተው አመጡላቸው። አክስታችንም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በዚያ ውኃ እጃቸውንና ፊታቸውን ታጠቡ፤ የቀረውንም በእግራቸው ላይ አፈሰሱ። ከዚያ በኋላ ዳቧችንን ቈርሰን፣ ቆሏችንን ዘግነን በላን።

ለመመለስ ከዐሥር ሰዓት በፊት መናኸሪያ መገኘት መልካም ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ማታ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከልጆችና ከሽማግሌ ጋር ደግሞ ሌሊት መጓዝ አይመከርም። በቢሾፍቱ መንገድ የለመደ ቤተ ሰብ፣ ከዚያ ወዲያ ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ዝዋይ፣ ቀጥሎም 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐዋሳ ለመሄድ ይችላል። በዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ በዮዲት ዘመን ታቦትና መጻሕፍት እንደ ተሸሸጉበት የሚተረክለት የደብረ ጽዮን ደሴት አለ። ነገር ግን ለረዥሙ ጕዞ የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ ጠይቆ መነሣት ያስፈልጋል፤ ጥንቃቄ ፍርሃት አይደለም።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ መኪና መመኘት ነውር አይደለም። ነውሩ፣ ምኞታችንን ለወላጆቻችንና ለልጆቻችን የምንሰጠውን መልካም ነገር የምናዘገይበት ምክንያት ስናደርገው ነው። በየቤታችሁ «ያን አገር ባየሁ» የሚሉ አንድ አዛውንት አይጠፉም። ጕልበታቸው ሳይደክም፣ በዚህ ወር አንዱን ቅዳሜ ለእርሳቸው ለዩላቸው።

ሰኞ ዕለት ከክፍል ስንገባ ያችን ከአውሮፕላን ባሕር ያየች ልጅ ጠርተን የሄድንበትን ነገርናት። ጥቂት አሰበችና፣ «ቲቸር፣ ከየትኛው መናኸሪያ ነው የሚኬደው?» ብላ ጠየቀችን። እኛም ሳናፍር፣ «ከቃሊቲ ነው እንጂ ከላምበረት አይደለም» ብለን መለስንላት።