ለጐልማሶች የዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ስለ ማስተማር

የባዕድ ቋንቋ ለሕፃን ጨዋታ ነው፤ ለጐልማሳ ግን ድካም ነው። ሕፃን ቢሳሳት የሚያፍርበት ነገር የለውም። ልጆች ያሳደገ፤ ቤት ያቆመ፤ በሠፈሩ ሽማግሌ ተብሎ ለዕርቅ የሚጠራ ሰው ግን፤ ከሥራ በኋላ በማታ ከተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ የገዛ ስሙን በእንግሊዝኛ መናገር ሲያቅተው፤ ካለማወቁ ይልቅ ኀፍረቱ ይከብደዋል። እንግሊዝኛ ለመማር ተመዝግበው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሚቀሩት ጐልማሶች ብዙዎቹ የሚቀሩት አእምሮ ጐድሎአቸው አይደለም፤ የተሰጣቸው ትምህርት ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ስለ ሆነባቸው ነው።

ጐልማሳ መማር አይችልም የሚለው አሳብ ሐሰት መሆኑን ኢትዮጵያ ራስዋ በሥራ አሳይታለች። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፤ ዕርፍ ይዞ የዋለውን ገበሬና ከምድጃ አጠገብ የዋለችውን ባልቴት በፊደል ገበታ ፊት አስቀምጦ፤ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ አስተምሮአል። በዘመቻው አሠራር የሚነቀፍ ነገር ቢገኝበትም፤ ሽበት ለትምህርት እንቅፋት አለመሆኑን ግን አስመስክሮአል። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ የተማረው ሲናገረው የኖረውን ቋንቋ ማንበብን ነበር። እንግሊዝኛ ለጀማሪው ከፊደሉ አንሥቶ እስከ አነጋገሩ ድረስ እንግዳ ነው፤ ስለዚህም ከአስተማሪው ዘንድ የበለጠ ብልኀት ይፈልጋል።

እንግሊዝኛ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ዋናውን ሥፍራ የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው፤ ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በፊት ቀዳሚነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ኋላ የአፍሪካ ኅብረት የተባለው የአንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተቋቋሙ ወዲህ፤ በዚህ ቋንቋ የሚናገር እንግዳ ከከተማይቱ ጠፍቶ አያውቅም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም ልጆች እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲማሩት ወስኖአል። ለልጆች የታሰበው ይህ ነው። ልጅነቱ ያመለጠው የሆቴል አስተናጋጅ፤ ባለ ታክሲ፤ ዘበኛ፤ የመርካቶ ነጋዴ፤ ልጆችዋ ወዳሉበት አገር ለመሄድ የተነሣች እናት ግን ገንዘባቸውን ይዘው የማታ ትምህርት ቤት በር ያንኳኳሉ። ታዲያ ከደሞዛቸው ቀንሰው የከፈሉት ሰዎች በዚያ የሚያገኙት ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚያገኙት የሰዋስው ሠንጠረዥ ነው። ተማሪው «አይ ጎ፤ ዩ ጎ፤ ሂ ጎዝ» እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል፤ ስለ ኀላፊውና ስለ ትንቢቱ ግስ ደብተሩን ይሞላል፤ በሦስተኛው ወር ግን አንድ እንግዳ መንገድ ቢጠይቀው አፉ ይያዛል። ሰዋስው አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሰዋስው ለሚናገር ሰው ንግግሩን የሚያቃናበት ገመድ ነው፤ ገና ላልተናገረ ሰው ግን የሚያቃናው ነገር የለም። እንግሊዛዊው የቋንቋ መምህር ሃሮልድ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ቋንቋ በጆሮና በአፍ ይጀመር ዘንድ አስረድቶ ነበር፤ ይህ ምክር መቶ ዓመት አልፎትም በብዙ ቦታ ሰሚ አላገኘም።

ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ዓረፍተ ነገር የትኛው እንደ ሆነ ቢመረመር፤ «ስሜ እገሌ ይባላል» የሚለው አይደለም። «ይቅርታ፤ አልገባኝም፤ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» የሚለው ነው። ይህን በእንግሊዝኛ አጥርቶ የሚናገር ሰው ምርኩዝ እንደ ያዘ መንገደኛ ነው፤ ቢደናቀፍም አይወድቅም። ይህን ያላወቀ ግን ያልሰማውን እንደ ሰማ ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ ይመለሳል፤ ከዚህም የተነሣ የታዘዘው ምግብ ሌላ ይሆናል፤ የተነገረው ቀጠሮ ያልፋል። ከዚህ በኋላ የሚከተለው ትምህርት ከተማሪው የዕለት ሥራ ይቀዳ። አስተናጋጁ የምግቡንና የሒሳቡን፤ ባለ ታክሲው የግራ ቀኙንና የዋጋውን፤ ነጋዴው የልኩንና የቀለሙን ነገር ይማር። ዛሬ ማታ የተማረውን ነገ ጧት ሲሠራበት፤ አስተማሪው ባይነግረውም ይጸናለታል።

አማርኛ ተናጋሪውን የሚያሰናክሉት ነገሮች ከሌላው ሕዝብ የተለዩ መሆናቸውን ደግሞ በባሕር ማዶ የታተመ መጽሐፍ ሊያውቅ አይችልም። «አልሰጠኋትም» የሚለውን አንድ የአማርኛ ቃል እንግሊዛዊው «አይ ዲድ ኖት ጊቭ ኸር» ብሎ በአምስት ቃል ይናገረዋል። አማርኛ ባለቤቱን፤ ተሳቢውንና አፍራሹን ሁሉ በግሱ ውስጥ ጠቅልሎ መጨረሻ ላይ ያኖረዋል፤ እንግሊዝኛ እያንዳንዱን ዘርዝሮ ግሱን ከመካከል ያቆመዋል። ስለዚህ ጀማሪው «እኔ» የሚለውን መዝለሉ፤ ግሱንም እስከ መጨረሻ መጠበቁ ስንፍና አይደለም፤ የገዛ ቋንቋው ሕግ ነው። ይህን የሚያውቅ አስተማሪ በሁለት ደቂቃ ያስረዳዋል፤ የማያውቀው ግን ዓመቱን ሙሉ ይቈጣዋል።

የድምፁ ነገር ደግሞ አለ። በቃል መጀመሪያ ሁለት ተነባቢ ሲገጥመው «እስኩል»፤ «እስቶር» ማለቱ፤ ፖሊሱን «ቦሊስ» ማለቱ የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ግን ብዙ ሌሊት መጥፋት የለበትም፤ «እስኩል» ያለውን ሰው ማንም ይረዳዋል፤ ለጐልማሳም የእንግሊዝ ባላባት አፍ እንዲኖረው የሚጠይቀው የለም።

ከድምፁ ይልቅ የሚያስፈራው የአክብሮቱ ነገር ነው። የአማርኛ ትሕትና በግሱ ውስጥ ይኖራል። «ውሃ ይስጡኝ» ያለ ሰው በዚያች በ«ይስጡኝ» ብቻ ጨዋነቱን አሳይቶአል፤ ሌላ የሚጨምርበት ነገር አያሻውም። ይህኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው «ጊቭ ሚ ዋተር» ይሆናል፤ ይኸውም በእንግሊዛዊው ጆሮ የጌታ ትእዛዝ ነው። አንተ፤ አንቺ፤ እርስዎ የሚባሉት ሁሉ በእንግሊዝኛ «ዩ» በምትባል በአንዲት ቃል ስለ ተዋጡ፤ አክብሮቱ ከግሱ ወጥቶ «ፕሊዝ» እና «ኩድ ዩ» በሚሉ ተጨማሪ ቃሎች ላይ ተሰቅሎአል። በአገሩ ትሑት የነበረው ሰው በባዕድ ቋንቋ ባለጌ መስሎ የሚታየው በዚህ ነው፤ ስድቡንም የሚቀበለው ለምን እንደ ተሰደበ ሳያውቅ ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት በመጀመሪያው ሳምንት ሊሰጡት ይገባል።

የ«አዎ» ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ሐኪም «መድኃኒቱን አልወሰዱም?» ብሎ ሲጠይቅ፤ አማርኛ ተናጋሪዋ ያልወሰደች እንደ ሆነ «አዎ» ትላለች፤ ይኸውም «እንዳሉት ነው፤ አልወሰድሁም» ማለትዋ ነው። በእንግሊዝኛ «የስ» ብላ ብትመልስ ግን ሐኪሙ ወስጃለሁ ማለትዋ ይመስለዋል። በአንዲት ቃል ምክንያት የታማሚው መዝገብ ይሳሳታል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ በመሳብ ብቻ «አዎ» የማለት ልማድም በዚያው ይታሰብ፤ ለኢትዮጵያዊ ግልጽ የሆነው ይህ ምልክት ለባዕድ ሰው የድንጋጤ ድምፅ ይመስለዋል። በመልስ ጊዜ አንዲት ቃል ብቻ ሳይናገሩ «የስ፤ አይ ዲድ» ወይም «ኖ፤ አይ ዲድ ኖት» ብለው እንዲጨርሱ ማስለመድ ለዚህ ሁሉ ፈውስ ነው።

ሰዓትና ዘመንም ሊረሱ አይገባም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር የጧቱ ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ ስምንት ሰዓት ነው። ቍጥሩን እስከ መቶ በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ እንኳ ይህን ስድስት ሰዓት ካልቀነሰና ካልጨመረ፤ እንግሊዝኛው ትክክል ሆኖ ቀጠሮው ይበላሻል። የልደት ዘመኑንም በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንዳለ ለባዕድ ጸሐፊ የነገረ ሰው፤ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሸመግላል። ስም ሲጠየቅም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያዊ የራሱና የአባቱ ስም አለው እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ሚስትም ስትጋባ ስምዋን አትለውጥም። «ላስት ኔም» ተብላ የተጠየቀች እናት የአባትዋን ስም ትናገራለች፤ የልጆችዋ ደግሞ የባልዋ ስም ይሆናል፤ ጸሐፊውም ልጆቹ የእርስዋ መሆናቸውን ይጠራጠራል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የምትችል እናት ከብዙ መንገላታት ትድናለች። እነዚህ ነገሮች በየትኛው የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ እንደ ተጻፉ ፈልጎ ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ አማርኛ እንዳይሰማ የሚከለክሉትን ትምህርት ቤቶች ነገር መመልከት ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ይህን ክልከላ እንደ ማዕርግ በበራቸው ላይ ለጥፈውታል። አሳባቸው ተማሪው በባሕር ውስጥ ቢጣል መዋኘት ይለምዳል የሚል ነው፤ ለልጆችና አስቀድሞ ጥቂት ለሚያውቁ ይጠቅም ይሆናል። ለጀማሪ ጐልማሳ ግን ከላይ የተነገሩትን የ«አዎ»ንና የአክብሮትን ምሥጢሮች ያለ አማርኛ ማስረዳት አይቻልም። ከዚህም በላይ አንድን የስልሳ ዓመት ሰው በገዛ ቋንቋው ጥያቄ እንዳይጠይቅ መከልከል ድዳ ማድረግ ነው። አማርኛው ለማስረጃ ይሁን፤ እንግሊዝኛው ለልምምድ ይሁን፤ ከአንዱ ሰዓት አርባ አምስቱ ደቂቃ የተማሪው አፍ የሚንቀሳቀስበት ከሆነ ይበቃል።

ስለ ቃላት ብዛትም የተሳሳተ ፍርሃት አለ። ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930 በ850 ቃላት ብቻ አብዛኛውን ነገር መናገር ይቻላል ብሎ ዝርዝሩን አውጥቶ ነበር። ዝርዝሩ እንደ ታሰበው ዓለምን አልገዛም፤ «ጌት» እና «ፑት» የሚባሉት ትንንሽ ግሶች ከሌላ ትንሽ ቃል ጋር ሲጣመሩ ትርጕማቸው ስለሚበዛ፤ የቃላቱ ቍጥር ቢያንስም የትርጕሙ ቍጥር አላነሰም። ቢሆንም ጀማሪው መዝገበ ቃላት ሙሉ ሳያጠና ለዕለት ኑሮው ሊናገር እንደሚችል አሳብ ይሰጣል። በአንድ ማታ ስምንት ወይም አሥር ቃል፤ ያውም በዓረፍተ ነገር ውስጥ ሆኖ፤ ለደከመ ሰው በቂ ነው።

የአስተማሪው ጠባይ ከመጽሐፉ ይበልጣል። አንዳንድ ሰው ፈረንጅ ካልሆነ አላምንም ይላል፤ ነገር ግን ቋንቋን በእናቱ ጀርባ ሆኖ የለመደ ሰው ሌላው ለምን እንደሚቸገርበት አያውቀውም፤ ራሱ ተቸግሮ የተማረው ኢትዮጵያዊ መሰናክሉ ያለበትን ድንጋይ ያውቀዋል። ወጣት አስተማሪ ባልቴቲቱን «እርስዎ» እያለ፤ ስሕተትዋንም በሰው ሁሉ ፊት ሳይዘረዝር፤ አቃንቶ መልሶ በመናገር ብቻ ያርማት። ደግሞ ስታወራ በየቃሉ አያቋርጣት።

ወደ ባሕር ማዶ የሄዱት እናቶችና አባቶች ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በአሜሪካ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በእንግሊዝኛ መናገር፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አንዱን ማንበብ፤ ከሦስት አንዱን መጻፍ ይጠበቅበታል። ሕጉ ግን ዕድሜው 50 ሆኖ በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የኖረውን፤ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት የኖረውን ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ያደርገዋል። ሕጉ ነጻ አድርጎአቸው ሳለ፤ አውቶቡሱ፤ የመድኃኒት ቤቱ መስኮትና ስልኩ ነጻ አያደርጉአቸውም። እናቲቱ ሆድዋን ሲያማት ሕመምዋን ለሐኪም የሚነግርላት የአሥር ዓመት የልጅ ልጅዋ ይሆናል፤ እናት ለልጅ የማትነግረው ሕመም እንዳለ ግን የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ዝም ትላለች።

እንግሊዝኛ በበዛ ቍጥር አማርኛው ይጠፋል ብለው የሚሠጉ አሉ። ይህ ሥጋት ለልጆች ትምህርት ይታሰብበት፤ በሃምሳ ዓመቱ ዋጋ መጠየቅ የተማረ ሰው ግን ቅኔውንና ተረቱን አይረሳም።

የሚቀረው የፈተናው ነገር ነው። ትምህርቱ ለንግግር ሆኖ ፈተናው በወረቀት ላይ ባዶ ቦታ መሙላት ከሆነ፤ አስተማሪውም ተማሪውም ወደ ሠንጠረዡ መመለሳቸው አይቀርም። በዚህ ፈንታ ተማሪው አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር ዐሥር ደቂቃ ይነጋገር፤ መንገድ ያሳይ፤ ዋጋ ይከራከር፤ በስልክ ቀጠሮ ይለውጥ። ፈታኙም የተሰበረውን ሰዋስው ሳይሆን ጉዳዩ መፈጸሙን ይጻፍ። ግሱን እያዛባች፤ ሁለት ጊዜ «ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» ብላ፤ የሐኪም ቀጠሮዋን ከሰኞ ወደ ረቡዕ ያዛወረች ባልቴት ፈተናውን አልፋለች።