የቀለለውን ማን ተሸከመው?

ክርክሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አርብ ገበያ ላይ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ጠላ ቤቱ ሲሞላ፣ ስለ በሬ ዋጋና ስለ ዝናቡ ተወርቶ ሲያልቅ አንዱ ይጀምረዋል። «ምንሽር ይሻላል ወይስ ክላሽ?» ሽማግሌው ምንሽርን ያወድሳሉ፤ ጎረምሳው ይስቃል። «አባቴ፣ የእርስዎ ምንሽር ጊዜው አለፈ። ክላሽ ለሁሉም ይሆናል። ደግሞ ቀላል ነው!» ጋይንትም፣ ስማዳም፣ እስቴም ብትሄዱ ክርክሩን የሚያሸንፈው ጎረምሳው ነው።

እኛ ግን ጎረምሳው ተሳስቷል እንላለን።

«ቀላልና ለሁሉም የሚሆን ጠመንጃ» የሚለውን ሕልም ያለመው እሱ ብቻ አይደለም። ጄፍ ኩፐር የሚባል የአሜሪካ ማሪን ጦር መኮንን የነበረ ሰው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) «ስካውት» ብሎ ለሰየመው ጠመንጃ መስፈርት አወጣ። ክብደቱ 3 ኪሎ ገደማ፣ ርዝመቱ ከ1 ሜትር ያልበለጠ፣ ጥይቱ ግን ትልቅ አውሬ የሚጥል ይሁን አለ። የኦስትሪያው ሽታየር ፋብሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ለገበያ አወጣው። ይህ ፋብሪካ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ምንሽር ስሙን የወረሰው የማንሊኸር ጠመንጃ የተሠራበት ነው።

ታዲያ ሕልሙ በነፃ ተገኘ? አልተገኘም። በአንድ ዓይነት ጥይት 4 ኪሎ የነበረውን ጠመንጃ ወደ 3 ኪሎ ብታወርዱት፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ርግጫ በሲሶ ይጨምራል። አፈሙዙን ብታሳጥሩት ጥይቱ ፍጥነት ያጣል፤ ጩኸቱና ብልጭታው ይብሳል። ብረቱን ብታሳሱት ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ይበትናል። ስለዚህ ኩፐርም መምረጥ ነበረበት። እየደጋገመ የሚተኩሰውን ትቶ፣ ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ የሚጎረሰውን ያዘ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።

ከጠመንጃ ላይ የተቀነሰ ክብደት የትም አይጠፋም። ቦታ ይቀይራል እንጂ። ጥያቄያችንም ይኸው ነው፤ ከክላሽ ላይ የወረደውን ክብደት ማን ተሸከመው?

የ1895ቱ (እ.ኤ.አ.) ማንሊኸር 3 ኪሎ ከ800 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ27 ሳንቲም ነው። አምስት ጎራሽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እጅ ወደ መጎረሻው መሄድ አለበት። በዚያች ቅጽበት የተቆጣ ሰው ሊያስብ ይችላል። በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው ክላሽ ያለ ካዝናው 3 ኪሎ ከ100 ግራም ገደማ፣ ርዝመቱ 88 ሳንቲም፣ ካዝናው ባለ 30 ነው። አቧራም ጭቃም አይበግረውም። ይህን ለማግኘት ሩቅ ማነጣጠርን ሠዋ፤ ጥይቱንም አሳጠረ። የተሠራው በቡድን ሆኖ በቅርብ ርቀት ለሚዋጋ ምልምል ወታደር ነበርና ምርጫው ልክ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የክላሽን መዝጊያ ከተዘጋበት ወደ ታች ስታወርዱት መጀመሪያ የሚቆመው እየደጋገመ ከሚተኩስበት ላይ ነው። አንድ በአንድ የሚተኩስበት ከእሱ በታች ነው። ለምሽግ ታስቦ ይሆናል። ይህ መሣሪያ ግን በደርግ ዘመን በብዛት ገባ፤ በ1983 ደርግ ሲወድቅም ከወታደሩ እጅ ወደ ገጠሩ ተበተነ። ዛሬ መዝጊያው የሚወርደው ሠርግ ቤት ነው፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ድንበር የተገፋ ማሳ ላይ ነው።

ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ አይቀርም። ይወርዳል። የሚወርድበትን ደግሞ ተኳሹ አይመርጥም። ምንሽር የያዘ አምስት ተኩሶ ዝናሩን ይዳብሳል። ክላሽ የያዘ ምላጩን አንዴ ይዞ ስንት እንደወጣ እንኳ አይቆጥርም። ሁለት ቤተሰብ በማሳ ሲጣላም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሰው ይቆስልበት የነበረው ጠብ ሦስትና አራት ሬሳ ይጥላል። ከዚያ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ደም ማድረቅ ይጀመራል፣ የደመኛው ልጅ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ከጎረምሳው ትከሻ የወረደውን ክብደት ጎረቤቱ ተሸከመው ማለት ይህ ነው።

«ታዲያ ከባዱ ይሻላል ልትሉ ነው?» የሚል አይጠፋም። አይደለም! ከባድነት ብቻውን ክብር እንዳልሆነ ከጋይንት በላይ ማን ያውቃል? ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል በ1860 ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት ምድር ነው። መንገድ እየተደለደለ፣ ሰው እየወደቀ ወራት ፈጀ። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ውጊያውን የለየው ግን ሴባስቶፖል ሳይሆን የእንግሊዝ እግረኛ በትከሻው ተሸክሞት የመጣው ስናድር ነበር። ንጉሡ ክብደቱን ከሥራው በፊት መረጡ፤ ጎረምሳው ደግሞ ቅለቱን ከሥራው በፊት መረጠ። ስህተታቸው አንድ ነው።

እስቲ ሥራውን እንቁጠረው። ዝንጀሮ ከማሳ ለማባረር? ወንጭፍና ጅራፍ ይበቃል። ጅብ ከበረት ለማራቅ? አንድ ጥይት ይበቃል። ለሠርግ? እልልታና ከበሮ አለን። ባለ 30 ካዝና የሚያስፈልገው የትኛው ነው? በ2015 መጨረሻ በክልላችን የተነሣው ጦርነት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ እኛ እዚህ የምናወራው በሰላም ቀን፣ በወዳጅ ድግስ ስለሚሞተው ሰው ነው።

አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጦር መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ጥሩ። የፈቃድ ወረቀት ግን ድግስ ላይ ምላጭ አይዝም። ይህን የሚችሉት ደጋሹና ሽማግሌዎቹ ናቸው። ደጋሽ «ተኩስ ያለበት ሠርግ የለኝም» ይበል። ሽማግሌም የተኮሰውን «ጀግና» ከማለት ይልቅ ከድግሱ ያስነሣው።

ጎረምሳውም በሚቀጥለው ዓርብ ጠላ ቤት ገብቶ «ቀላል ነው» ሲል፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቀው፤ «ለማን?»